የኤምካት ቁጥር ማንን ከበር ይመልሳል?

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚሻ ሰው የኮሌጅ ትምህርቱን ሲያገባድድ ወይም ከጨረሰ በኋላ ኤምካት የሚባለውን ፈተና ይወስዳል። ፈተናው በአንድ ቀን የሚጠናቀቅ ሲሆን ዕረፍቱን ጨምሮ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ውጤቱም ከ472 እስከ 528 በሚደርስ መለኪያ ይሰጣል። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው መረጃ መሠረት የአመልካቾች አማካይ ውጤት 506 ገደማ ነው፤ ተቀባይነት አግኝተው ትምህርት የሚጀምሩት ተማሪዎች አማካይ ደግሞ በ511 እና በ512 መካከል ይገኛል። በየዓመቱ ከሚያመለክቱት ሃምሳ ሺህ ያህል ሰዎች መካከል የሚገቡት ከግማሽ ያነሱ ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲያትልና በዳላስ ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም በዚሁ ወንፊት ውስጥ ያልፋሉ፤ ስንቶቹ አልፈው ስንቶቹ እንደቀሩ የሚያሳይ ለብቻው የታተመ መረጃ ግን የለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈተናው ይቅር የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸው በቂ አይደለም፤ የሕክምናን ትምህርት ሊሸከም የማይችል ተማሪ ተቀብሎ፣ ዕዳ አሸክሞ፣ በሁለተኛው ዓመት ማሰናበት ጭካኔ ነውና። ሆኖም ዝቅተኛውን ብቃት ለማረጋገጥ የተሠራ መሣሪያ ዛሬ የማዕረግ መሰላል ሆኗል፤ ከዚያም አልፎ ማንም ሰው ማመልከቻውን ሳያነብ አመልካቹን የሚያሰናብት የኮምፒውተር ማጥለያ ሆኗል። ይህ አሠራር በሕግና በበጀት ሊታረም የሚችል ነው።

መነሻው

የፈተናው ታሪክ አጭር ቢሆንም ብዙ ያስረዳል። በ1920ዎቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የገባላቸውን ተማሪ ይዘው መዝለቅ አልቻሉም ነበር፤ በአንዳንዶቹ ጥቂት፣ በአንዳንዶቹ እስከ ግማሽ የሚደርስ ተማሪ ያቋርጥ ነበር። ፍሬድ ሞስ የተባለ ምሁር ባልደረቦቹን ይዞ በ1928 የመጀመሪያውን የሕክምና መግቢያ ፈተና ሲያዘጋጅ ዓላማው አንድ ነበር፤ ትምህርቱን ሊወጣው የማይችለውን አስቀድሞ መለየት። በ1940ዎቹ አጋማሽ የማቋረጡ መጠን በእጅጉ ወርዶ ስለነበር ፈተናው የተሰጠውን ሥራ ሠርቷል ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ስሙና ይዘቱ ደጋግሞ ተለውጧል፤ ዛሬ ያለው ቅርጽ ከ2015 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። የተለወጠው ትልቁ ነገር ግን አጠቃቀሙ ነው።

ከፈተናው በፊት የነበረው ወንፊትም ሊዘነጋ አይገባም። በ1910 የወጣው የፍሌክስነር ሪፖርት የሕክምና ትምህርትን ደረጃ ከፍ አድርጓል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ከሪፖርቱ በኋላ ግን ከሰባቱ የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘጉ፤ የቀሩት ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ነበሩ። «ደረጃን ማስጠበቅ» የሚለው ቃል በዚህች አገር ታሪክ ንጹሕ ሆኖ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደሉም። መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቀው ከሃዋርድ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያቋቋመው እሱ ነበር። ሌላው በር ሁሉ በተዘጋበት ዘመን ለአንድ ኢትዮጵያዊ ክፍት የነበረው በር የአፍሪካ አሜሪካውያን በር ነበር። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚንቀሳቀሱ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ይህን ጉዳይ ይዘው ወደ ምክር ቤት ሲቀርቡ ጥያቄያቸውን ከአፍሪካ አሜሪካውያን ጥያቄ ነጥለው፣ «የእኛ ልጆች የተለዩ ታታሪዎች ናቸው» በሚል ቋንቋ ማቅረባቸው ታሪክን መካድ ነው፤ ስልትም ሆኖ አያዋጣም።

ቁጥሩ ምን ያህል ይናገራል?

የፈተናው ባለቤት የሆነው ማኅበር ለእያንዳንዱ ጠቅላላ ውጤት የሁለት ነጥብ ወዲህና ወዲያ የስህተት ወሰን እንዳለው ራሱ ያስታውቃል። እንግዲህ 504 ያገኘ ሰው ትክክለኛ ችሎታው ከ502 እስከ 506፣ 507 ያገኘው ደግሞ ከ505 እስከ 509 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሁለቱ ወሰኖች ይደራረባሉ። መቁረጫ ነጥቡን 505 ላይ ያደረገ ትምህርት ቤት አንዱን አስገብቶ ሌላውን ሲመልስ ልዩነት እንዳለ አስመስሎ ይወስናል፤ መለኪያው ግን ያንን ልዩነት አላረጋገጠም። ማንኛውም የኢንጂነሪንግ ተማሪ እንዲህ ያለውን ንባብ ቢያቀርብ መምህሩ ይመልስበታል።

ውጤቱ ከንቱ ነው ማለትም ሐሰት ነው። ኤምካት ከመጀመሪያዎቹ የሕክምና ትምህርት ዓመታት ውጤትና ከፈቃድ ፈተናዎች ጋር ጉልህ ግንኙነት እንዳለው በተደጋጋሚ ታይቷል። በዚያው ልክ በመካከለኛ ውጤት የገቡ ተማሪዎች አብዛኞቹ ትምህርታቸውን በጊዜው ጨርሰው እንደሚመረቁ የማኅበሩ የራሱ የቅበላ መመሪያዎች ይናገራሉ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ517 በላይ ውጤትና ወደ 4.0 የተጠጋ የኮሌጅ ነጥብ ይዘው ካመለከቱት ውስጥ ከአሥር ከአንድ በላይ የሚሆኑት አንድም ትምህርት ቤት አይቀበላቸውም። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ቁጥሩ ሁሉንም እንደማይናገር ያውቃሉ፤ የሚያውቁት ግን ቁጥሩ ከፍ ሲል ብቻ ይመስላል።

ተመሳሳይ ጥያቄ በፈቃድ ፈተናው ላይ ተነሥቶ መልስ ያገኘ መሆኑም መጠቀስ አለበት። የዩኤስኤምኤልኢ የመጀመሪያ ክፍል ለብዙ ዓመታት በሦስት አኃዝ ውጤት ሲሰጥ ቆይቶ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብቻ የሚል ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ለሕክምና ፈቃድ ዝቅተኛውን ብቃት ለመለካት የተሠራ ፈተና ለስፔሻሊቲ ሥልጠና አመልካቾችን ለመደርደር እየዋለ ተማሪውን አሰልችቶት፣ ትምህርቱንም አጣምሞት ነበር። ሐኪሞች ስለ ራሳቸው ፈተና ያመኑትን ስለ መግቢያው ፈተና ለማመን ለምን እንደሚከብዳቸው የሚያስረዳ አጥጋቢ ምክንያት አልቀረበም።

ከአራቱ የኤምካት ክፍሎች አንዱ ለስደተኛ ልጆች የተለየ ፈተና ነው። የንባብና የትንተና ክፍሉ ዘጠኝ ረዣዥም ምንባቦችና 53 ጥያቄዎች በ90 ደቂቃ ውስጥ ያቀርባል፤ የሳይንስ እውቀት አይጠይቅም። የሚፈትነው በፍልስፍና፣ በሥነ ጥበብና በማኅበረሰብ ጥናት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ድርሰት በፍጥነት አንብቦ የጸሐፊውን ስውር ሐሳብ መያዝ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ መጥቶ እንግሊዝኛውን በትምህርት ቤት ኮሪደር የተማረ ልጅ ምንባቡን ይረዳዋል፤ ሰዓቱ ግን አይበቃውም። ተጨማሪ ሰዓት የሚፈቀደው በአካል ጉዳት ወይም በጤና ምክንያት ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑ እንደ ምክንያት አይቆጠርም። ሐኪም ፈጣን አንባቢ መሆን የለበትም የሚል የለም። ይሁንና በአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አንድ ጥያቄ የመመለስ ችሎታና በድንገተኛ ክፍል ውስጥ የታካሚን ታሪክ የማዳመጥ ችሎታ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ያ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል።

በ501 ምን ይሆናል?

ለአብነት በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ይወሰድ። አባት ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እናት በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የበኩር ልጃቸው በሳምንት ሃያ ሰዓት እየሠራች በባዮሎጂ በጥሩ ነጥብ ተመርቃለች። አያቷ የሐኪም ቀጠሮ ሲኖራቸው የምታስተረጉመው እሷ ናት፤ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ፣ የመድኃኒቱን ማዘዣና የታናናሾቿን የትምህርት ቤት ወረቀት የምታነበውም እሷ ናት። ለኤምካት የተዘጋጀችው ከሥራ በተረፈ ሰዓት፣ ከሰው በተዋሰችው መጽሐፍ ነው። ውጤቷ 501 ሆነ። ይህ ቁጥር ከተፈታኞች ሁሉ መሀል ላይ ያስቀምጣታል፤ በማመልከቻው ዓለም ግን «ደካማ ውጤት» የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። የማመልከቻው የመጀመሪያ ትምህርት ቤት 175 ዶላር ገደማ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ትምህርት ቤት ደግሞ ከ45 ዶላር ያላነሰ ያስከፍላል። ሃያ ትምህርት ቤት ማመልከት የተለመደ ስለሆነ ይህ ብቻ ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ተጨማሪ ቅጽ ይልካል፤ ለእሱም በአብዛኛው መቶ ዶላር ገደማ ይጠይቃል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ሁለተኛ ቅጽ ለአመልካቾች ሁሉ ይልካሉ፤ ክፍያውን ይሰበስባሉ፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ከመቁረጫ ነጥባቸው በታች የሆነውን ያሰናብታሉ። አንዳንዶች መቁረጫ ነጥባቸውን በግልጽ ያስታውቃሉ፤ ሌሎች ግን ይደብቁታል። ማንም የማያነበውን ድርሰት እንድትጽፍና ለመጻፉም እንድትከፍል የተጠየቀች ልጅ በትክክለኛ አማርኛ ተታልላለች ነው የሚባለው። ይህ የትምህርት ጥራት ጉዳይ አይደለም፤ የሸማቾች መብት ጉዳይ ነው፤ በክፍለ ግዛት የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ዓይን ሊታይም ይገባዋል።

የማኅበሩ የክፍያ ድጋፍ መርሐ ግብር ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አመልካቾች የፈተናውን ክፍያ ይቀንሳል፤ የማመልከቻውንም ክፍያ በከፊል ይሸፍናል። ጥሩ መርሐ ግብር ነው። ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። መርሐ ግብሩን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ አማካሪ ያለው ተማሪ ነው፤ አማካሪ ያለው ተማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድጋፉን የማይፈልገው ነው። በአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ የሚመጡት በገቢ ከላይ ካሉት ሁለት አምስተኛ ቤተሰቦች መሆኑን፣ ይህም ለሠላሳ ዓመታት ያህል እምብዛም እንዳልተለወጠ የማኅበሩ ጥናት አሳይቷል። ከ2,000 ዶላር በላይ የሚያወጡ የፈተና ዝግጅት ኮርሶች ባሉበት ገበያ ውስጥ ይህ አያስገርምም።

ለዚህች ልጅ የቀሩት መንገዶች ምንድን ናቸው? ፈተናውን ደግማ መውሰድ ትችላለች፤ በዓመት ሦስት፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት አራት፣ በዕድሜ ሰባት ጊዜ ይፈቀዳል። ሁሉም ውጤቶች ለትምህርት ቤቶቹ ስለሚታዩ ሳይዘጋጁ መድገም ጉዳት አለው። የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ትምህርት ቤቶችን ማመልከትም ትችላለች፤ የሚቀበሏቸው ተማሪዎች አማካይ ውጤት 503 እና 504 አካባቢ ነው፤ ምሩቃኑም በሃምሳዎቹም ክፍለ ግዛቶች ሙሉ ሐኪም ሆነው ይሠራሉ። በኢትዮጵያውያን ዘንድ «ዲኦ ዶክተር አይደለም» የሚለው ወሬ አሳፋሪ ስህተት ነው፤ ከ2020 ጀምሮ የሁለቱም ዓይነት ምሩቃን የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአንድ የእውቅና ሥርዓት ሥር ነው። ሦስተኛው መንገድ የድኅረ ምረቃ ማጠናከሪያ ትምህርት ሲሆን ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር ሊቆጠር ይችላል።

አራተኛው መንገድ በማስታወቂያ የሚመጣው ነው። በካሪቢያን ደሴቶች የሚገኙ ለትርፍ የተቋቋሙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን አመልካቾች በቀላሉ ይቀበላሉ። ከእነሱ ተመርቀው ዛሬ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ጥሩ ሐኪሞች አሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። በማስታወቂያው ላይ የሚታዩት ግን እነሱ ብቻ ናቸው። በመካከል የተሰናበቱት፣ የፈቃዱን ፈተና እንዳይወስዱ የተከለከሉትና ዲግሪ ሳይዙ በመቶ ሺዎች ዶላር ዕዳ የቀሩት ፎቶግራፋቸው አይለጠፍም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ጉዳይ የኮንግረስ ድርሻ ቀጥተኛ ነው። የውጭ አገር የሕክምና ትምህርት ቤቶች የፌዴራል የተማሪ ብድር ለማግኘት ከተማሪዎቻቸው ቢያንስ 60 በመቶ አሜሪካውያን ያልሆኑ መሆን እንዳለባቸው፣ የፈቃድ ፈተና የማለፊያ መጠናቸውም ከ75 በመቶ እንዳያንስ ሕጉ ይደነግጋል። ከ1992 በፊት በክፍለ ግዛት የጸደቀ የሆስፒታል ሥልጠና የነበራቸው ጥቂት ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ናቸው። ይህን ቀዳዳ ለመዝጋት የውጭ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተጠያቂነትን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ በሴኔተር ዲክ ደርቢን አማካይነት በተደጋጋሚ ቀርቦ አልጸደቀም። የማለፊያ መጠኑ ራሱም የሚሰላው ፈተናውን በወሰዱት ላይ ነው፤ ደካማውን ተማሪ አስቀድሞ ማሰናበት ስሌቱን ያሳምረዋል። ሊጠየቅ የሚገባው ቁጥር፣ ከገቡት መቶ ተማሪዎች ስንቶቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ተመርቀው የሥልጠና ቦታ አገኙ የሚለው ነው።

የ2025ቱ የበጀት ሕግ ነገሩን አጥብቆታል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ቀርቶ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ብቻ ይሆናል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የአራቱ ዓመት ጠቅላላ ወጪ ከዚህ ይበልጣል። የውጤት ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ከፍተኛ ቁጥር ላለው ስለሆነ ቀሪውን ከግል ባንክ በከፍተኛ ወለድ እንዲበደር የሚገደደው፣ ከተሳካለትም ዋስ የሚሆነው የሚፈልገው፣ መካከለኛ ቁጥር ይዞ የገባው የድሃ ልጅ ነው።

የተለየ መንገድ የሄዱት

«ሌላ መንገድ የለም» የሚለው መልስ በተግባር ተስተባብሏል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት በዚህ ክርክር ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው፤ ከመቶ መቀመጫ አሥራ ስድስቱን ለይቶ በማስቀመጡ በ1978 በባኪ ክስ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተረታው እሱ ነው። ካሊፎርኒያ በ1996 ዘርን በቅበላ ውስጥ ማየትን ከከለከለች በኋላ ዴቪስ ሌላ መለኪያ ሠራ። አመልካቾችን በቤተሰብ ገቢ፣ በወላጆች የትምህርት ደረጃ፣ ሐኪም በሌለበት አካባቢ በማደግና ቤተሰብን በመደገፍ ከ0 እስከ 99 በሚደርስ የችግር መለኪያ ያያቸዋል፤ የፈተና ውጤታቸውም የሚነበበው ከዚህ ጋር ነው። ዘር በመለኪያው ውስጥ የለም። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በተማሪዎቹ ስብጥር በአገሪቱ ካሉት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነው።

በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ከሁለተኛ ደረጃ ተቀብሎ በሰባት ዓመት ሐኪም ያደርጋል፤ ኤምካት አይጠይቅም። በካናዳ የሰሜን ኦንታሪዮ የሕክምና ትምህርት ቤትም በ2005 ሥራ ሲጀምር ኤምካትን ትቶ የአመልካቹን የትውልድ አካባቢና ለሰሜኑ ሕዝብ ያለውን ቁርጠኝነት ይመዝናል፤ ከምሩቃኑም ብዙዎቹ ሐኪም በማይገኝበት በዚያው ክልል ቀርተው ይሠራሉ። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመበት ጥያቄ «ማን ከፍተኛ ውጤት አለው?» ሳይሆን «ማን እዚህ ይቀራል?» የሚል ነበር።

ያ ጥያቄ ለዋሽንግተን ዲሲም ይሠራል። ከተማይቱ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሆስፒታሎች ለአማርኛ አስተርጓሚ በየሰዓቱ ይከፍላሉ። እዚያው ከተማ ውስጥ ያሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ አማርኛ የምትናገረውን አመልካች ሲመዝኑ ቋንቋዋ በቅጹ ላይ ከሚሞላ አንድ መስመር አያልፍም። መንግሥት በገንዘብ የሚገዛውን ችሎታ ትምህርት ቤቱ በነጻ ቀርቦለት አይቆጥረውም። አገሪቱ በ2036 እስከ 86,000 የሚደርስ የሐኪም እጥረት እንደሚገጥማት የተነበየው ያው ማኅበር መሆኑን እያሰቡ ይህን ማየት ያስደንቃል።

«በዝቅተኛ ውጤት የገባ ሐኪም ማን ይፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል፤ በአብዛኛው በሳቅ ታጅቦ። መልሱ ቀላል ነው። ማንኛውም ሐኪም ፈቃድ የሚያገኘው ተመሳሳይ ትምህርት ተከታትሎ፣ ተመሳሳይ የፈቃድ ፈተናዎችን አልፎ፣ ለዓመታት በቁጥጥር ሥር ሠርቶ ነው። 501 ይዛ የገባችው ልጅ ሐኪም ስትሆን እነዚህን ሁሉ እንደ ሌላው አልፋለች። ታካሚን የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው፤ ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ ቅዳሜ የተወሰደ ፈተና አይደለም።

ከጁን 2023 በኋላ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ዘርን በቅበላ ውስጥ በቀጥታ መመዘን ቆሟል። በ2024 የሕክምና ትምህርት የጀመሩ ጥቁር ተማሪዎች ቁጥር ከቀዳሚው ዓመት ከ11 በመቶ በላይ መቀነሱን የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር አስታውቋል። ውሳኔው አመልካቹ ስለ ራሱ ሕይወት እንዳይጽፍ አልከለከለም፤ የቤተሰብን ገቢ፣ ቋንቋንና የሥራ ጫናን መመዘንንም አልከለከለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ክስን ፈርተው ወደ ቁጥሩ ተጠግተዋል፤ ቁጥር አይከሰስምና። ለዚህ ፍርሃት ዋጋ የሚከፍለው ጠበቃ የሌለው ወገን ነው።

በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለውም ችግር ሊሸፈን አይገባም። የማትሪክ ውጤት የሰውን ዕጣ በአንድ ጊዜ ከሚወስንበት አገር የመጡ ወላጆች ኤምካትን በዚያው ዓይን ያዩታል፤ ልጅ ውጤቱን ከቤተሰቡ ይደብቃል፣ ምክር ሳይጠይቅ ያመለክታል፣ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ ዝም ብሎ ይተወዋል። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ጀምሮ እስከ ኳስ ቡድን ድረስ ለሁሉም ነገር ኮሚቴ ያለው ሕዝብ ለዚህ ኮሚቴ አልነበረውም። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከእያንዳንዳቸው በዓመት ሁለት ቅዳሜ ቢገኝ ብዙ ማመልከቻ ከመላኩ በፊት ይታረም ነበር።

ለሕግ አውጪዎች የሚቀርበው ጥያቄ የተወሰነ ነው። ከሁሉ በፊት የሚመጣው የመቁረጫ ነጥብ ግልጽነት ነው፤ ወጪም አይጠይቅም። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ምክር ቤቶች በክፍለ ግዛት ገንዘብ የሚተዳደሩ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማጥለያ ነጥባቸውን ከማመልከቻው ወቅት በፊት እንዲያሳውቁ፣ በዚያ ነጥብ ብቻ ከሚያሰናብቱት ሰውም የሁለተኛ ቅጽ ክፍያ እንዳይሰበስቡ ማዘዝ ይችላሉ። የግል ትምህርት ቤቶችን በሚመለከት ኮንግረስ ይህንኑ የፌዴራል የተማሪ ብድር ለማግኘት ከሚጠየቁት የማሳወቅ ግዴታዎች አንዱ ማድረግ ይችላል። የ1992ቱ ነጻነት መሰረዝ አለበት፤ የውጭ ትምህርት ቤቶችም ከገቡት ተማሪዎች የጨረሱትን ቁጥር በየዓመቱ ማሳተም አለባቸው። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ተማሪዎችን ለጤና ሙያ የሚያዘጋጀው፣ በሕዝብ ጤና አገልግሎት ሕግ ክፍል 7 ሥር ያለው የፌዴራል መርሐ ግብር በየበጀት ዓመቱ ለመሰረዝ ከሚታጩት አንዱ ነው፤ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች በመጪው የበጀት ውይይት ስሙን ከዝርዝሩ ውስጥ ሊፈልጉት ይገባል።

የቀረው መረጃ ነው። የፌዴራል የአስተዳደርና በጀት ጽሕፈት ቤት በማርች 2024 ባሻሻለው የዘርና የብሔር አመዘጋገብ መመሪያ ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው መጠሪያ ከናይጄሪያዊ፣ ከሶማሌ፣ ከጃማይካዊና ከሄይቲያዊ ጎን ለጎን ራሱን የቻለ ዝርዝር ምድብ ሆኖ ገብቷል። መሥሪያ ቤቶች መመሪያውን ተግባራዊ እንዲያደርጉ እስከ 2029 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። የትምህርት ሚኒስቴር ከኮሌጆች የሚሰበስበውን መረጃ በዚህ ምድብ ማውጣት ሲጀምር ስንት ኢትዮጵያውያን ልጆች የሕክምና ትምህርት እንደጀመሩና ስንቶቹ እንደጨረሱ ማወቅ ይቻላል። መረጃ መቁጠርን የ2023ቱ ውሳኔ አይነካውም። ሚኒስቴሩ የአፈጻጸም ዕቅዱን ለሕዝብ አስተያየት ሲያቀርብ የማኅበረሰብ ድርጅቶች በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ፣ የየአካባቢው የኮንግረስ አባላት ጽሕፈት ቤቶችም የዕቅዱን ቀን አስቀድመው እንዲያሳውቋቸው ይጠየቃል።